በነዳጅ ማደያ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውኃን መከታተልና ናሙና መውሰድ፦ የአሠራር መመሪያ

ከመሬት በታች የተቀበረ ታንከር ነዳጅ ቀስ እያለ ሲያፈስ ከላይ የሚታይ ምልክት የለም። ነዳጁ በአፈሩና በዓለቱ ስንጥቅ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ ሲደርስ፣ ከውኃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ በውስጡ ካሉት ውህዶች በውኃ መሟሟት የሚችሉት ግን እየተለዩ ከውኃው ጋር መጓዝ ይጀምራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስቡት ቤንዘን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲል ቤንዘንና ዛይሊን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ቤንዚን የሚለው ስም ማደያው የሚሸጠውን ነዳጅ፣ ቤንዘን የሚለው ደግሞ በነዳጁ ውስጥ የሚገኘውንና ካንሰር በማምጣት የሚታወቀውን ውህድ ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለቤንዘን ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። በዚህ ስሌት አንድ ግራም ቤንዘን እያንዳንዳቸው 10,000 ሊትር የሚይዙ አሥር ሮቶ ውኃን ከወሰኑ ጫፍ ያደርሳል።

ናሙና ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ወደ አንድ ወገን ነው። እነዚህ ውህዶች ተናኝ በመሆናቸው ውኃው በተናወጠ፣ በሞቀና ለአየር በተጋለጠ ቁጥር ከውኃው ይወጣሉ፤ ስለዚህ በግዴለሽነት የተወሰደ ናሙና ብክለቱን ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ያሳያል። ላብራቶሪው የቱንም ያህል የረቀቀ መሣሪያ ቢኖረው ከጠርሙሱ ያመለጠውን መልሶ ሊያገኘው አይችልም። ውጤቱም «ውኃው ንጹሕ ነው» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሆናል፤ በዚያ ወረቀት ተማምነው የሚጠጡት ደግሞ በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር አንዳንዱ ቢያሰለችም ዓላማው ይህንን የሐሰት ንጽሕና መከላከል ነው።

ምሳሌዎቹን በአብዛኛው የወሰድኩት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ዓለት ላይ ሲሆን ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በተዳፋቱ ግርጌ የሚገኘው የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ለነዋሪው ከሚቀርበው ውኃ ትልቅ ድርሻ አለው። ከላይ በኩል የሚፈስን ነዳጅ የታችኛው ሰው ጉዳይ የሚያደርገው ይህ አቀማመጥ ነው።

ደረጃ 1፦ ከቁፋሮ በፊት የቦታውን ታሪክ ማጥናት

የቁፋሮ ማሽን ከመጠራቱ በፊት የማደያው ንድፍ በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ታንከሮቹ የት እንደተቀበሩ፣ ስንት ዓመት እንደሆናቸው፣ ቧንቧዎቹ በየት በኩል ወደ ነዳጅ መቅጃዎቹ እንደሚሄዱ፣ ቦቴው የሚያራግፍበት የመሙያ አፍ የት እንዳለ፣ የመኪና እጥበቱ ፍሳሽና የዘይት ማጣሪያ ገንዳው ወዴት እንደሚወርድ ይመዝግቡ። ፍሳሽ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከታንከሩ ሆድ ሳይሆን ከቧንቧ መጋጠሚያዎችና ከመሙያው አፍ ዙሪያ ስለሆነ እነዚህን ቦታዎች በንድፉ ላይ ለይተው ያመልክቱ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሒሳብ መዝገብ ነው። በየዕለቱ በመለኪያ ዘንግ የተለካው የታንከር መጠን፣ ቦቴ ያራገፈው ሊትርና በመቅጃዎቹ ቆጣሪ የተሸጠው ሊትር ሲመሳከሩ፣ ጥቂት መብለጥና ማነስ የሙቀት ለውጥና የልኬት ስሕተት የሚያመጣው ነው፤ ጉድለቱ ሳያቋርጥ ወደ አንድ ወገን ብቻ ካዘነበለ ግን ነዳጁ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ከመዝገቡ እኩል ዋጋ ያለው ደግሞ የሰው ትዝታ ነው። ለረጅም ጊዜ የሠሩትን ቀጂዎችና የጥበቃ ሠራተኞች በአክብሮት ያነጋግሩ፤ የቱ ታንከር እንደተቀየረ፣ መቼ ቦቴ ሞልቶ እንደፈሰሰ፣ ዝናብ ሲጥል የቱ ቱቦ ነዳጅ ነዳጅ እንደሚሸት ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የማደያውን ዕድሜ ማወቅ ምን መመርመር እንዳለበትም ይወስናል። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን መጠቀም ያቆሙት እስከ 2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ይሠራ በነበረ ማደያ እርሳስም መመርመር ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሯል። ኢታኖል ባለበት ቦታ በአፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ቀድመው የሚመገቡት እርሱን ስለሆነ፣ ቤንዘን ሳይበላ ቆይቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ሊጓዝ ይችላል። ኤምቲቢኢ የተባለው ቤንዚን ላይ የሚጨመር ውህድ በነዳጁ ውስጥ ነበረ ወይ የሚለውንም አቅራቢውን ይጠይቁ፤ ይህ ውህድ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና በዝግታ የሚበሰብስ በመሆኑ ከሌሎቹ ቀድሞ ጎረቤት ጉድጓድ የሚደርሰው እርሱ ነው።

በመጨረሻም በአካባቢው ያሉትን የውኃ ጉድጓዶች በሙሉ በእግር እየዞሩ ይመዝግቡ፦ የግቢ ጉድጓድ፣ የፋብሪካ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ወንዝ። ማን ምን ያህል እንደሚጠቀምና ለመጠጥ ይሁን ለእጥበት ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ የክትትል ጉድጓዶችን ቦታ መምረጥና መቆፈር

የከርሰ ምድር ውኃ ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ በአንድ መሥመር ላይ ያልተሰለፉ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከማደያው በላይ፣ ማለትም ውኃው ወደ ማደያው ከሚመጣበት ወገን ይሁን፤ ብክለቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁለተኛው ከታንከሮቹ ወይም ከመቅጃዎቹ አጠገብ፣ ሦስተኛውና ከዚያ በላይ ያሉት በታችኛው ወገን፣ በማደያውና ውኃ በሚጠቀሙት ሰዎች መካከል ይቆፈሩ። የመሬቱ ገጽ ቁልቁለት ስለ ውኃው አቅጣጫ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በተለይ ትልቅ ፓምፕ የሚሠራበት ጉድጓድ በአቅራቢያው ካለ ውኃውን ወደ ራሱ ሊስበው ይችላል።

የመጀመሪያውን አንድ ሜትር ተኩል በእጅ መቆፈር ግዴታ ነው፤ የመብራት ገመድ፣ የውኃ ቧንቧና የነዳጅ መሥመር በአብዛኛው የሚገኙት በዚያ ጥልቀት ውስጥ ነው። የታንከሩን ጉድጓድ አልፎ ወደ ታች መቆፈር ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ነዳጁ እንዲወርድ በር መክፈት ይሆናል። ባዛልት ዓለት በአየር ግፊት ሲቆፈር የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከአየሩ ጋር ወደ ጉድጓዱ ስለሚገባ ማጣሪያ መገጠሙን ያረጋግጡ። የቁፋሮ ዘንጎቹ በአንድ ጉድጓድና በሚቀጥለው መካከል በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ መጋጠሚያቸው ግሪስ አይቀባ።

ለክትትል 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ኬሲንግ፣ ማለትም በጉድጓዱ ውስጥ የሚቆም ቧንቧ፣ ይበቃል። ኬሲንጉ በጥርስ የሚጋጠም ይሁን፤ የቧንቧ ማጣበቂያ ሙጫ በውስጡ ያሉት ማሟሚያዎች በላብራቶሪ ውጤት ላይ እንደ ብክለት ስለሚታዩ አይጠቀሙበት። ውኃ የሚያስገባው ቀዳዳማ ክፍል፣ በሙያው አነጋገር ስክሪኑ፣ የውኃውን ወለል መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ መሆን አለበት። ለመጠጥ ውኃ ጉድጓድ የለመዱ ቆፋሪዎች ስክሪኑን ወደ ታች ጠልቆ ማስቀመጥ ይቀናቸዋል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ላይ የሚንሳፈፈው ነዳጅ ወደ ጉድጓዱ ሊገባ ስለማይችል፣ ግማሽ ሜትር ነዳጅ ውኃው ላይ ተኝቶ ጉድጓዱ ንጹሕ መስሎ ይታያል። የውኃው ወለል በክረምት እንደሚወጣና በበጋ እንደሚወርድ አስበው ሁለቱንም የሚያካትት ርዝመት ይምረጡ።

በስክሪኑ ዙሪያ የታጠበ ጠጠራማ አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ከስክሪኑ ጫፍ በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። በላዩ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ቤንቶናይት (ውኃ ሲነካው አብጦ ክፍተት የሚዘጋ የሸክላ አፈር)፣ ከዚያም እስከ መሬት ገጽ ሲሚንቶ ይደረጋል። መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ለዚህ ሥራ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መረሬ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ሲርስ ደግሞ አብጦ ሲሚንቶውን ይገፋል፤ በዚህ መላላት የጉድጓዱ አንገት ከአፈሩ ከተለያየ ከማደያው ወለል የሚታጠበው ዘይት በቀጥታ ወደ ውኃው ይወርድና ጉድጓዱ ራሱ የብክለት መንገድ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው የአንገቱን ሲሚንቶ ይመልከቱ፤ ክዳኑ ውኃ የማያስገባና በቁልፍ የሚዘጋ ይሁን።

ጉድጓዱ እንዳለቀ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች እየተገፋ ይታጠባል፤ ከዚያ ናሙና እስኪወሰድ አንድ ሳምንት ያህል ይቆይ። በዚህ መካከል ቀያሽ የእያንዳንዱን ኬሲንግ ጫፍ ከፍታ በሚሊ ሜትር ደረጃ ይለካ፤ የተለካው ነጥብም በኬሲንጉ ላይ በቋሚነት ይጫር።

ደረጃ 3፦ የውኃውን ከፍታና የተንሳፋፊውን ነዳጅ ውፍረት መለካት

የሁሉም ጉድጓዶች ከፍታ በአንድ ቀን፣ ከአንዳቸውም ውኃ ሳይቀዳ በፊት ይለካል። ክዳኖቹ አስቀድመው ተከፍተው ውስጡ የታመቀው አየር እስኪወጣ ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉ ንጹሕ ይሆናል ተብሎ ከሚገመተው ወደ ተበከለው ነው፤ መለኪያው በየጉድጓዱ መካከል ይታጠባል። የሚያስፈልገው መለኪያ ነዳጅንና ውኃን በተለያየ ድምፅ የሚለይ ነው። ይህ መሣሪያ ከሌለ በመለኪያ ሜትር ላይ የሚቀባ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት አለ፤ በማደያዎች የታንከር ውኃ ለማወቅ የሚጠቀሙበት ያው ቅባት ነው። ይሁን እንጂ ቅባቱ ራሱ ናሙናውን ስለሚበክል ውፍረት ከመለካት ላላለፈ ሥራ ብቻ ያገለግላል።

ነዳጅ በተገኘበት ጉድጓድ የሚነበበው የውኃ ከፍታ በነዳጁ ክብደት ወደ ታች የተጫነ ስለሆነ መታረም አለበት። የኬሲንጉ ጫፍ ከፍታ 100.00 ሜትር ይሁን፤ ነዳጁ በ8.20 ሜትር፣ ውኃው በ8.60 ሜትር ጥልቀት ቢገኝ የነዳጁ ውፍረት 0.40 ሜትር ነው። የቤንዚኑን አንጻራዊ ክብደት 0.75 ብንወስድ 0.40 በ0.75 ተባዝቶ 0.30 ይሰጣል፤ ስለዚህ የታረመው የውኃ ከፍታ ከ91.40 ወደ 91.70 ሜትር ከፍ ይላል። ለናፍጣ የሚባዛው ቁጥር 0.84 አካባቢ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የታየው ውፍረት በዙሪያው አፈር ውስጥ ካለው የነዳጅ ውፍረት ጋር እኩል አለመሆኑን ግን ያስታውሱ፤ በጉድጓዱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ገዝፎ ይታያል።

አሁን አቅጣጫው ሊወጣ ይችላል። የሦስቱ ጉድጓዶች የታረመ ከፍታ ሀ 91.90፣ ለ 91.70፣ ሐ 91.40 ሜትር ቢሆንና ከሀ እስከ ሐ ያለው ርቀት 50 ሜትር ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው መውረድ 0.50 ሜትር፣ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ከሀ 20 ሜትር ርቀት ላይ፣ ወደ ሐ በሚወስደው መሥመር ላይ ከፍታው 91.70 ይሆናል። ከዚያ ነጥብ ወደ ለ መሥመር ይስመር፤ ውኃው የሚፈሰው ይህን መሥመር በ90 ዲግሪ ማዕዘን አቋርጦ ወደ ዝቅተኛው ወገን ነው። ይህን ሥዕል በየወቅቱ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል፤ በክረምትና በበጋ አቅጣጫው ሲቀየር ታችኛው ነው የተባለው ጉድጓድ ከብክለቱ መንገድ ውጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የሚንሳፈፍ ነዳጅ ከተገኘበት ጉድጓድ ለተሟሟ ብክለት የውኃ ናሙና አይወሰድም፤ የነዳጅ ጠብታ ከተቀላቀለ ውጤቱ ትርጉም ያጣል። በዚያ ፈንታ ውፍረቱ ይመዘገባል፣ የነዳጁ ናሙና ለብቻው ይወሰዳል፣ ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ ይነገራል።

ደረጃ 4፦ ለናሙናው ቀን መዘጋጀት

ከሁሉ በፊት ላብራቶሪው ይመረጥ። የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ «ቤንዘን መመርመር ትችላላችሁ ወይ» ሳይሆን «እስከ ስንት ዝቅ ብላችሁ ታያላችሁ» የሚለው ነው። ወሰኑ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ሆኖ ሳለ ከ50 በታች ማየት የማይችል ላብራቶሪ የሚሰጠው «አልተገኘም» የሚል መልስ ለማንም አይጠቅምም።

ለተናኝ ውህዶች የሚያገለግለው ክዳኑ በቴፍሎን የተሸፈነ 40 ሚሊ ሊትር የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ከአንድ ጉድጓድ ሦስት ይወሰዳል። ላብራቶሪው ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሮ ካቀረበው ናሙናው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቀዝቅዞ እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ አሲድ ከሌለው ግን በ7 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ለናፍጣ አንድ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ቡናማ መስታወት፣ ለእርሳስ ደግሞ ናይትሪክ አሲድ ያለበት ንጹሕ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ እንደ ፍልውኃ ያሉ ባይካርቦኔት የበዛባቸው ውኃዎች እንደሚገኙ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለ ውኃ ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ እንደ አምቦ ውኃ ይፈላል፤ አረፋውም ቤንዘኑን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ በአንድ ብልቃጥ ይሞክሩ፤ ከፈላ አሲድ የሌለበትን ብልቃጥ ይጠቀሙና የ7 ቀኑን ገደብ ያክብሩ።

ከናሙናዎቹ ጋር ማመሳከሪያዎች ይዘጋጃሉ። ላብራቶሪው ራሱ በንጹሕ ውኃ ሞልቶ የሰጠው ብልቃጥ ሳይከፈት ከሌሎቹ ጋር ሄዶ ይመለሳል፤ በእርሱ ውስጥ ቤንዘን ከተገኘ ብክለቱ በመንገድ ላይ የገባ ነው። በታጠበ መሣሪያ ላይ ያለፈ ንጹሕ ውኃ ሁለተኛው ማመሳከሪያ ነው። ሦስተኛው መንትያ ናሙና ሲሆን ከአሥር ጉድጓዶች በአንዱ፣ ጉድጓዶቹ ጥቂት ከሆኑ በየዙሩ ከአንዱ፣ ላብራቶሪው በማያውቀው ስም ይላካል። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዙት እነዚህ ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ማመሳከሪያ ከሚቀር አንድ ጉድጓድ ቢቀር ይሻላል።

የሠራተኛው አካልና መኪናም የዝግጅቱ አካል ናቸው። መኪናውና ጄኔሬተሩ ከአንድ ቀን በፊት ነዳጅ ይሞሉ፤ በናሙናው ዕለት ነዳጅ የነካ እጅ ብልቃጥ አይንካ። ሽቶ፣ የእጅ ማጽጃ አልኮልና የዝገት ማላቀቂያ ርጭት ይቅሩ። ቋሚ ማርከር በቀለሙ ውስጥ ዛይሊን ሊኖረው ስለሚችል ስያሜዎቹ በቢሮ ውስጥ ተጽፈው ይምጡ። ማደያው ሥራ ላይ ከሆነ በጉድጓዱ ዙሪያ የትራፊክ ኮን ይደርደር፤ ቦቴ በሚያራግፍበት ሰዓት ሥራው ይቁም። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድና በማንሆል ውስጥ ይተኛል፤ ሲጋራ፣ ስልክና የእሳት ፍንጣሪ የሚያወጣ መሣሪያ አይቅረብ፤ የጋዝ መለኪያው ከዝቅተኛው የመፈንዳት ወሰን (አየር ውስጥ ሆኖ ሊፈነዳ ከሚችለው አነስተኛ የተን መጠን) 10 በመቶ ካሳየ ሁሉም ይራቅ። ወደ ማንሆል ማንም አይግባ።

ደረጃ 5፦ በጉድጓዱ ውስጥ የቆመውን ውኃ ማስወገድ

በኬሲንጉ ውስጥ ቆሞ የከረመ ውኃ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ተናኝ ውህዶቹን ያጣ ነው፤ የምንፈልገው ግን ከዓለቱ አሁን የሚገባውን ነው። የተሻለው ዘዴ ፓምፑን በስክሪኑ ውስጥ በውኃ ከተሸፈነው ክፍል መካከል አውርዶ በደቂቃ ከ0.1 እስከ 0.5 ሊትር በሆነ ዝግታ መቅዳት ነው። የውኃው ወለል ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይወርድ እየተለካ ፍጥነቱ ይስተካከላል። በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ የተሟሟ ኦክስጅንና ድፍርስነት ይመዘገባሉ፤ በሦስት ተከታታይ ንባቦች ፒኤች ከ0.1፣ አስተላላፊነቱ ከ3 በመቶ፣ ኦክስጅንና ድፍርስነት ከ10 በመቶ በላይ ካልተለወጡ ውኃው ረግቷልና ናሙና ሊወሰድ ይችላል።

እንዲህ ያለ ፓምፕ በማይገኝበት ጊዜ የጉድጓዱ ውኃ ሦስት እጥፍ ይቀዳል። በ50 ሚሊ ሜትር ኬሲንግ እያንዳንዱ ሜትር 2 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ 4 ሜትር ውኃ ካለ 24 ሊትር ይወጣል ማለት ነው። መቅጃው ባልዲ እንደ ገመድ ባልዲ ወደ ውኃው አይወርወር፤ ቀስ ብሎ ይጥለቅ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። ጉድጓዱ ከደረቀ እስኪመለስ ተጠብቆ በ24 ሰዓት ውስጥ ናሙናው ይወሰዳል።

ከፍታ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከላይ ሆኖ በመምጠጥ የሚሠራ ፓምፕ በባሕር ጠረፍ በንድፈ ሐሳብ እስከ 10.3 ሜትር ሲስብ፣ እዚህ ከ8 ሜትር በታች ይሆናል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከዚህም በተጨማሪ መምጠጡ ራሱ ውኃው ውስጥ ያለውን ተን ስለሚያወጣ ለቤንዘን ምርመራ ከታች የሚገፋ ፓምፕ ይመረጣል። ሁለተኛው የኦክስጅን መለኪያውን ይመለከታል፦ በ20 ዲግሪ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም የሚይዘው በአየር የጠገበ ውኃ አዲስ አበባ ላይ ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል፤ መለኪያው የቦታው ግፊት ካልተነገረው የሚያሳየው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

የተቀዳው ውኃ በክዳናማ በርሜል ይጠራቀም፤ ውጤቱ ሳይታወቅ ወደ ቦይ ማፍሰስ ብክለቱን በገዛ እጅ ማሰራጨት ነው።

ደረጃ 6፦ ናሙናውን መሙላት

በእያንዳንዱ ጉድጓድ አዲስ የናይትራይል ጓንት ይለበስ። ቅድሚያ ለተናኝ ውህዶች ብልቃጥ፣ ቀጥሎ ለናፍጣው፣ በመጨረሻም ለእርሳስና ለሌሎቹ ይሰጣል። ብልቃጡን ትንሽ ዘንበል አድርገው የቱቦውን አፍ ወደ ግድግዳው ያስጠጉና ውኃው አረፋ ሳያወጣ እየተንሸራተተ እንዲወርድ ያድርጉ። ወደ አፉ ሲቃረብ ብልቃጡን አቅንተው ውኃው ከአፉ በላይ እንደ ጉልላት ጎብጦ እስኪቆም ድረስ በጠብታ ይሙሉ። ከመጠን በላይ ማፍሰስ አሲዱን ያጥባል። ክዳኑን ከጎን አንሸራተው ይዝጉ፣ ብልቃጡን ገልብጠው በመዳፍ ጀርባ መታ መታ ያድርጉና ወደ ብርሃን አቅጣጫ ይዩት። የአየር አረፋ ከታየ ክዳኑን ከፍቶ መጨመር አይፈቀድም፤ ያ ብልቃጥ ይጣላል፣ በአዲስ ይተካል። ይህ ቀላል የሚመስለው ሥራ ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ፀሐይ እየከረረ ሰው ሲቸኩል መጀመሪያ የሚዘለለው የአረፋው ፍተሻ ነው።

ለእርሳስ ምርመራ የተሟሟውን ብቻ ማወቅ ከተፈለገ ውኃው በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ በቦታው ይጣራል፤ ለተናኝ ውህዶች የሚሆነው ግን በፍጹም አይጣራም። በተጨማሪም ናይትሬት፣ ሰልፌት፣ የተሟሟ ብረትና ኦክስጅን መለካቱ ይጠቅማል። በብክለቱ መሐል ኦክስጅን፣ ናይትሬትና ሰልፌት ቀንሰው ብረት ከጨመረ ተሕዋስያን ነዳጁን እየበሉት መሆኑን ያመለክታል።

ብልቃጦቹ በጉድጓዱ ስም፣ በቀንና በሰዓት ተለይተው በፕላስቲክ ከረጢት ይታሰሩና ወዲያው በበረዶ ሳጥን ይቀመጡ፤ የሚቀልጠው በረዶ ስያሜውን እንዳያጥብ በረዶው በሌላ ከረጢት ይታሸግ። የነዳጁ ናሙና በዚህ ሳጥን አብሮ አይጓዝም። ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰጪውና የተቀባዩ ፊርማ በርክክብ ቅጹ ላይ ይስፈር። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ አየር መንገዱ አሲድ ስላለባቸው ጠርሙሶች የሚጠይቀውን አስቀድመው ያጣሩ፤ በጉምሩክ የሚያልፉት ቀኖችም ከ14ቱ ላይ ይቆጠራሉ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ማንበብ

ወረቀቱ ሲመጣ ዓይን መጀመሪያ ወደ ማመሳከሪያዎቹ ይሂድ። ከላብራቶሪው የመጣው ብልቃጥ ንጹሕ ካልሆነ በዚያ ሳጥን የነበሩት ዝቅተኛ ቁጥሮች ሁሉ ያጠራጥራሉ። መንትያዎቹ በሊትር 120 እና 100 ማይክሮ ግራም ቢሆኑ ልዩነታቸው ለአማካያቸው ሲካፈል 18 በመቶ ነው፤ እስከ 30 በመቶ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት አለው። «አልተገኘም» የሚለው ቃል ዜሮ ማለት ስላልሆነ በሰንጠረዡ ላይ ላብራቶሪው ማየት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ከጎኑ ይጻፍ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የቶሉዊን ወሰን በሊትር 0.7፣ የኤቲል ቤንዘን 0.3፣ የዛይሊን 0.5 ሚሊ ግራም ነው።

አንድ ዙር ምርመራ ፍርድ አይሰጥም። በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ መውሰድ፣ ከእነዚህም አንዱን ክረምቱ እንዳበቃ፣ አንዱን በበጋው ማብቂያ ማድረግ ያስፈልጋል። ውኃው በክረምት ሲወጣ የሚንሳፈፈው ነዳጅ በአፈሩ ውስጥ ተይዞ ከውኃ በታች ይቀርና ከጉድጓዱ የጠፋ ይመስላል፤ ውኃው በግንቦት ሲወርድ ተመልሶ ይታያል። በመስከረም ብቻ የለካ ሰው ነዳጁ ጠፍቷል ብሎ ቢዘግብ አያስደንቅም፤ ስሕተት መሆኑ ግን አይቀርም።

የሰው መጠጥ በሆነ ጉድጓድ ቤንዘን ከወሰኑ በላይ ከተገኘ የድጋሚ ናሙና እስኪወሰድ ድረስ ሳይጠበቅ መጠጣቱ ይቁም፣ ሌላ ውኃ ይቅረብላቸው። ውኃውን ማፍላት መፍትሔ አይደለም፤ ቤንዘኑ ከድስቱ ወጥቶ በወጥ ቤቱ አየር ውስጥ ይቀራል፣ የሚተነፍሰውም እናትና ሕፃናት ናቸው። ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱና ለውኃ አቅራቢው በጽሑፍ ይነገር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ወገን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ ይህን በሕግ ለማስፈጸም ደግሞ በፊርማ የተደገፈው የርክክብ ቅጽና የመስክ ማስታወሻው ከላብራቶሪው ቁጥር ባልተናነሰ ይፈለጋሉ። ስለዚህ የመስክ ደብተሩ በማይጠፋ እስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መሥመር ተሰርዞ ይፈረምበት እንጂ አይደለዝ።

ክትትሉ ሲያበቃ ጉድጓዶቹ ተከፍተው አይተዉ። ኬሲንጉ ከተቻለ ይነቀላል፤ ካልተቻለም በውስጡ ቱቦ ወርዶ የሲሚንቶና የቤንቶናይት ድብልቅ ከታች ወደ ላይ ይሞላል። በማግስቱ ድብልቁ ከሰመጠ እስከ መሬት ገጽ ድረስ ይጨመርበታል፤ የተዘጋበት ቀንና የፈጀው መጠንም በቦታው ንድፍ ላይ ይመዘገባል።